ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ኤም ኤስ ነው ወይስ ሌላ?

ባለፉት ወራት ለዚህ አምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ የሚጠይቁት የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ነርቮች ሽፋን ስለሚጎዳበት በሽታ፣ ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ስለ ኤም ኤስ ነው። ደብዳቤዎቹን ደጋግሜ ሳነብ ግን ከጠያቂዎቹ ገሚሶቹ ያለባቸው ኤም ኤስ አይመስለኝም፤ ሌላ ስም፣ አንዳንዴም ፍጹም ሌላ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ስለዚህ ለዛሬ አምስቱን መርጬ፣ አሳጥሬና የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚገልጸውን አውጥቼ አቅርቤያለሁ። በደብዳቤ በሽታ አይመረመርም፤ የምጽፈው ጠያቂዎቹ ከሐኪማቸው ፊት ሲቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ለማመልከት ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ 29 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ለአንድ ወር ያህል የማያባራ ስቅታና ትውከት ይዟት ጨጓራ ነው ተብሎ ብዙ መድኃኒት ወሰደች። ከዚያ በኋላ ቀኝ ዓይኗን አመማትና በሳምንት ውስጥ ማየት ተሳናት፤ ግማሽ ያህሉ ብቻ ተመለሰላት። አሁን በቅርቡ ደግሞ ከጡቷ በታች ያለው ሰውነቷ ደንዝዞ፣ እግሮቿ ከብደው፣ ሽንቷም አልወጣ ብሏት ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። ኤም አር አይ ተነሥታ አንዱ ሐኪም ኤም ኤስ ነው አለን፣ ሌላው አይደለም አለን። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ኢንተርፌሮን የሚባለውን የኤም ኤስ መርፌ ሊልክልን ነው። እንጀምርላት? (እህቷ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ መርፌው ቢደርሳችሁም አሁን አትጀምሩ። ምክንያቱ ያለው እንደ ዋዛ ጽፈው ባለፉት በስቅታው ውስጥ ነው።

አንጎል ከኅብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ትውከትንና ስቅታን የሚያስነሣ ትንሽ ስፍራ አለ። ያ ስፍራ ሲቆጣ ሰው ጨጓራው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቀንና ሌሊት ስቅ ይለዋል፣ የበላውን ሁሉ ያስመልሰዋል፤ ለጨጓራ የሚሰጥ መድኃኒትም አያስታግሰውም። በአገራችን ደግሞ ሆድን የሚመለከት ቅሬታ ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጨጓራ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ኢንዶስኮፒ ተደርጎለት፣ የባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይሻለዋል፤ ነገሩም ይረሳል። ዓይኑን ሲያመው የሚሄደው ወደ ዓይን ሐኪም ነው፣ እግሩ ሲደነዝዝ ወደ ሌላ፤ ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያይ ሰው ሳይገኝ ዓመታት ያልፋሉ። እርስዎ በአንድ ደብዳቤ ሦስቱንም በቅደም ተከተል ጽፈዋል፤ ይህንኑ ወረቀት ይዘው ወደ ነርቭ ሐኪም ቢሄዱ ከብዙ ምርመራ የሚበልጥ ሥራ ሠርተዋል ማለት ነው።

ስቅታና ትውከት፣ ከዚያ የዓይን ነርቭ፣ ከዚያ ኅብለ ሰረሰር በተከታታይ የተጠቁባት ወጣት ሴት ስትመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የተባለው በሽታ ነው፤ ኤን ኤም ኦ እንበለው። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤዠን ዴቪክ እ.ኤ.አ. በ1894 ስለዚህ በሽታ ከጻፈ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የኤም ኤስ አንድ ዓይነት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የሚመሩ ተመራማሪዎች በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ በኤም ኤስ ሕመምተኞች ላይ የማይታይ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን) አገኙ፤ በዓመቱም አንቲቦዲው የሚያጠቃው አኳፖሪን 4 የተባለውን፣ በአንጎል ሴሎች ግድግዳ ላይ ውኃ የሚያስተላልፈውን ፕሮቲን እንደሆነ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በሽታዎች ተለያይተዋል። ኤም ኤስ የሚያጠቃው በዋነኛነት የነርቭን ሽፋን፣ ማይሊንን ነው፤ ኤን ኤም ኦ ግን ሽፋኑን ደግፈው የሚይዙትን ሴሎች ስለሚገድል አንዱ ግርሻ ብቻውን ዓይን ሊያጠፋ ወይም እግር ሊያስር ይችላል። ኤም ኤስ በብዛት የሚታየው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው፤ ኤን ኤም ኦ ግን በአፍሪካውያን፣ በካሪቢያን ጥቁሮችና በእስያውያን ላይ በአንጻሩ ይበዛል፤ አንቲቦዲው ከሚገኝባቸው 10 ሰዎችም እስከ 9 የሚደርሱት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ በእኛ አገር የአንዲት ወጣት ሴት ዓይንና ኅብለ ሰረሰር ተከታትለው ሲታመሙ ኤም ኤስ ነው ብሎ መቸኮል ተገቢ አይደለም።

ስሙን መለየት ለምን ይህን ያህል አስፈለገ ቢሉ፣ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ስለሚጎዳ ነው። ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ፊንጎሊሞድና ናታሊዙማብ ኤም ኤስን ያረጋጋሉ፤ ለኤን ኤም ኦ ሕመምተኛ ሲሰጡ ግን ከባድ ግርሻ እንዳስከተሉ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ዘመድዎ በቅን ልብ፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚልከው መርፌ የቀረውን ዓይኗን ሊያሳጣት ይችላል።

ታዲያ ሐኪሞቹ የተለያዩበትን ነገር እንዴት መቁረጥ ይቻላል? በመጀመሪያ የኤም አር አይ ፊልሙ፣ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ሲዲውም ጭምር፣ በነርቭ ሐኪም ዓይን ይታይ። የኤም ኤስ ጠባሳ በኅብለ ሰረሰር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት የአከርካሪ አጥንት ርዝመት አያልፍም፣ በጎን በኩልም ይቀመጣል። የኤን ኤም ኦ ግን ሦስትና ከዚያ በላይ አጥንት ርዝመት ያለው፣ መሐል ለመሐል የሚወርድ ነው። ሁለተኛው የአኳፖሪን 4 የደም ምርመራ ነው። ናሙናው ወደ ውጭ አገር መላክ ሊያስፈልገው ስለሚችል ዋጋውም ጊዜውም ይከብዳል፤ ያም ሆኖ ከሦስትና ከአራት ተደጋጋሚ ኤም አር አይ ይልቅ ገንዘቡን ለዚህ ማዋል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ይህ ነጻ ከሆነ ኤም ኦ ጂ የተባለው ሌላው አንቲቦዲ ይፈለጋል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ሦስተኛ በሽታ ነው። ከጀርባ የሚወሰደው ፈሳሽም ይረዳል፤ ኦሊጎክሎናል ባንድ የተባለው ምልክት በአብዛኞቹ የኤም ኤስ ሕመምተኞች ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል፣ በኤን ኤም ኦ ግን ብዙም አይታይም። ብዙ ቤተሰብ ከጀርባ ውኃ ከተቀዳ ሽባ ያደርጋል ብሎ ይፈራል። መርፌው የሚገባው ግን ኅብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው፤ በተለምዶ የሚያስከትለው ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ራስ ምታት ነው። ከእነዚህ ጋር የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝ፣ የቫይታሚን ቢ12ና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በእኛ አገር የማይታለፉ ናቸው፤ የአከርካሪ ነቀርሳም እግርን እንዲሁ ያስራል፣ እርሱ ደግሞ የሚድን ነው።

ግርሻው ትኩስ በሆነበት ጊዜ የሚሰጠው ሕክምና በሁለቱም በሽታዎች ተመሳሳይ ነው፤ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በቀን 1 ግራም በደም ሥር ከ3 እስከ 5 ቀን። በኤን ኤም ኦ ይህ በቂ መሻሻል ካላመጣ የደም ውኃውን በማጠብ አንቲቦዲውን የሚያስወጣ ሕክምና ሳይዘገይ መጨመር አለበት። ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ግን በሽተኛዋ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል እንዳይኖርባት ሐኪሙ ያስባል፤ ይህ ትል ያለ ምልክት ለዓመታት ሊኖር ይችላል፣ ስቴሮይድ ሲገባ ግን በመላ ሰውነት ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። በውጭ መጻሕፍት በግርጌ የሚጠቀስ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከፊት መቅደም ያለበት ነው። ከዚያ በኋላ ግርሻን ለመከላከል ፕሬድኒሶሎን ቀስ በቀስ እየተቀነሰ፣ አዛታዮፕሪን ወይም ማይኮፌኖሌት ወይም ሪቱክሲማብ ለረጅም ጊዜ ይሰጣል። አዛታዮፕሪን ርካሽ እንክብል ነው፣ የደም ቁጥርና የጉበት ክትትል ግን ይፈልጋል። ሪቱክሲማብ ከመሰጠቱ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግዴታ ነው፤ ተደብቆ የኖረውን ቫይረስ ስለሚቀሰቅሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤዎ ታትሞ እስኪደርስዎ ሳምንታት አልፈዋል። ሽንቷ እንደገና ከታገደ ወይም ሁለተኛው ዓይኗ ከደበዘዘ መጽሔት ሳይሆን የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚያስፈልጋት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው፣ መምህር ነኝ። ለብዙ ዓመታት ራሴን በአንድ ጎን ይወጋኛል፣ ብርሃን አልወድም። የደም ግፊትም አለብኝ። በቅርቡ ኤም አር አይ ተነሥቼ ወረቀቱ ላይ «ነጫጭ ነጠብጣቦች ታይተዋል፣ ኤም ኤስን ጨምሮ ሌሎች ምክንያቶች ይታሰቡ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እንቅልፍዎን ይመልሱ። በጻፉልኝ ታሪክ ውስጥ ኤም ኤስ የሚያሰኝ አንድም ነገር የለም፤ ማይግሬንና የደም ግፊት አለ፣ ሁለቱም በአንጎል ፊልም ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያሳያሉ። ዕድሜም ብቻውን ያሳያል።

የኤም ኤስ መመርመሪያ መስፈርት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የተሻሻለውና የማክዶናልድ መስፈርት የሚባለው፣ በአብዛኛው የሚነሣው ከሕመም ታሪክ ነው። አንድ ሰው ቢያንስ 24 ሰዓት የቆየ፣ ትኩሳት ሳይኖርበት የመጣ፣ ከማዕከላዊው ነርቭ የሚነሣ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ ዓይንን ሲያንቀሳቅሱ እያመመ ማየት መቀነስ፣ ሁለት ሆኖ መታየት፣ ወይም ወገብን መቀነት ጥብቅ አድርጎ እንዳሰረው የሚያጨንቅ መደንዘዝ። አንዳንዱ ለስግደት አንገቱን ሲደፋ ከማጅራቱ እስከ ተረከዙ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝረዋል። ይህ ከተገኘ በኋላ ሐኪሙ ሁለት ነገር ያረጋግጣል፤ ጉዳቱ በነርቭ ሥርዓቱ ውስጥ ከአንድ በላይ ቦታ መድረሱንና፣ በተለያየ ጊዜ መከሠቱን ወይም እርሱን የሚተካ ማስረጃ መኖሩን። ፊልሙ ለዚህ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።

ምርመራው ራሱም ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ቀይ የጠርሙስ ክዳን ወስጄ በሽተኛውን አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ከዚያ ሌላውን ሸፍኖ እንዲያየው እጠይቀዋለሁ። የዓይን ነርቩ ተጎድቶ የዳነ ሰው ፊደል ሁሉ እያነበበ ክዳኑ በአንደኛው ዓይኑ የደበዘዘ፣ ታጥቦ የለቀቀ ቀይ ይሆንበታል። ሹካ መሰሉን ብረት አንዝሬ የእግሩ አውራ ጣት ላይ ሳስቀምጥ ንዝረቱ መቼ እንደቆመ አያውቅም። እንዲህ ያለ ምርመራ ሳይደረግልዎ ፊልም ብቻ ተነሥተው ከሆነ ሥራው ከጭራው ተጀምሯል ማለት ነው።

ብቻዎን እንዳልሆኑ ለማሳየት አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ በሎስ አንጀለስ ወደሚገኙ ሁለት የኤም ኤስ ማዕከሎች ኤም ኤስ አለባችሁ ተብለው የመጡ 241 ሰዎች እንደገና ሲታዩ 43ቱ ኤም ኤስ አልነበረባቸውም፤ ከእነዚህም መካከል በብዛት ከተገኙት ትክክለኛ ምክንያቶች አንዱ ማይግሬን ነበር፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት የኤም ኤስ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል። መሣሪያው በሞላበት አገር ይህ ከሆነ፣ ፊልም ብቻ ይዞ ስም መስጠት ለእኛ የበለጠ ያሰጋል። የራዲዮሎጂ ባለሙያውንም አልወቅስም፤ በሽተኛውን ሳያይ የሚጽፍ ሰው ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ መዘርዘር ግዴታው ነው። እርስዎ የደም ግፊትዎን ይቆጣጠሩ፣ ማይግሬኑንም ያሳክሙ።

ጥያቄ፦ በባሕረ ሰላጤው አገር የቤት ሠራተኛ ነኝ፣ 31 ዓመቴ ነው። እዚህ ኤም ኤስ ተብዬ ፊንጎሊሞድ የሚባል ክኒን በየቀኑ እወስዳለሁ። ማዕድ ቤት ስሠራ ወይም ከውጭ ስገባ ዓይኔ ይደበዝዛል፣ እግሬ ይከዳኛል፤ ተቀምጬ ሲበርደኝ ይለቀኛል። በሽታው ተመለሰ ማለት ነው? ኮንትራቴ በሦስት ወር ያልቃል፣ ማዳምም አታድስልኝም። አገሬ ስገባ ክኒኑን ማቆሜ ነው። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህታችን፣ የጻፉት የመጀመሪያው ነገር ግርሻ አይመስልም። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ሕመምተኞች ተንቀሳቅሰው ሲደክሙ ዓይናቸው እንደሚደበዝዝ ጽፎ ስለነበር፣ ሰውነት ሲሞቅ የሚመጣው ይህ ነገር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ መልእክት የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው፤ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ እንኳ ሲጨምር ያቅተዋል፣ ሲበርድ ደግሞ ይመለሳል። አዲስ ጉዳት አይደለም፣ በሽታውንም አያባብስም። ኤም አር አይ ከመፈጠሩ በፊት ሐኪሞች ሕመምተኛውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስገብተው ምልክቱ ሲወጣ በማየት ይመረምሩ ነበር፤ ደግነቱ ያ ዘመን አለፈ።

አደጋው ያለው ምልክቱ በወጣበት ሰዓት ከምድጃው ፊት መውደቁ ላይ ነው። የሚከብደውን ሥራ ማለዳ ይጨርሱ፣ ማዕድ ቤት ከመግባትዎ በፊት በረዶ ያለበት ውኃ ይጠጡ፣ እርጥብ ፎጣ አንገትዎ ላይ ያድርጉ፣ ሻወር በቀዝቃዛ ይውሰዱ። ድክመቱ ከ24 ሰዓት በላይ ሳይለቅዎ ከቆየ፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ አዲስ ምልክት ከመጣ ግን ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። ትኩሳትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም የቆየውን ምልክት ሁሉ ቀስቅሰው ግርሻ ያስመስላሉ፤ መጀመሪያ ሽንት ይመርመር።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። ፊንጎሊሞድ በድንገት የሚቆም መድኃኒት አይደለም። ነጭ የደም ሴሎችን በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ዘግቶ የሚያስቀምጥ ስለሆነ፣ ሲቆም ሴሎቹ በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ከመጀመሪያው የከፋ ግርሻ ይመጣል። ስለዚህ ሦስቱን ወር ይጠቀሙባቸው። ያሉበት ሆስፒታል ሦስት ነገር ይስጥዎት፤ የኤም አር አዩን ሲዲ፣ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀንና የደም ውጤቶችን የያዘ የሕክምና ማጠቃለያ፣ እንዲሁም ለመሸጋገሪያ የሚሆን ክኒን። አዲስ አበባ ያለ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ከመሳፈርዎ በፊት ዘመድ ይያዝልዎት፤ ወደ የትኛው መድኃኒት እንደሚሸጋገሩ የሚወሰነው ክኒኑ ሳያልቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ግላቲራመር፣ ክላድሪቢንና ሪቱክሲማብን ለኤም ኤስ አስፈላጊ ከሆኑ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ከሦስቱ ለእኛ አገር ኪስ የሚቀርበው ሪቱክሲማብ ነው። በተጨማሪም የአኳፖሪን 4 ምርመራ ተደርጎልዎ ከሆነ ውጤቱን፣ ካልተደረገልዎም እዚያው እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ለምን እንደሆነ ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ። ፊንጎሊሞድ እየወሰዱ ደግሞ ማርገዝ የለብዎትም፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሁለት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፣ ፎገራ የሚኖር ገበሬ ነው። አዝመራው በከፋበት ዓመት ለወራት የበላነው ጓያ ነበር። በዚያው ክረምት እግሮቹ ገተሩና እስከ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ከኢንተርኔት ስለ ኤም ኤስ አንብቤ ይህ ነው ብዬ አሰብሁ። ለኤም አር አይ አዲስ አበባ ላምጣው? እናታችን የጓያው እንፋሎት ነው የያዘው ትላለች። (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ እናትዎ ከኢንተርኔቱ ይበልጥ ለእውነቱ ቀርበዋል፤ የሳቱት እንፋሎቱን ብቻ ነው። ጓያ የሚያሽመደምደው ሲበላ ነው። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎትም ሆነ ገለባው ላይ መራመድ ማንንም አይዝም፤ ይህ እምነት ግን በጓያ አገር ሁሉ ስላለ ሰው ከእንፋሎቱ ሸሽቶ ቂጣውን ይበላል።

በጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል የነርቭ መርዝ አለ። ጓያ ድርቅ ስለሚችል ሌላው እህል ሲጠፋ የሚተርፈው እርሱ ነው፤ ሰው ለሁለትና ለሦስት ወር በዋነኛነት እርሱን ሲበላ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደንቢያና በፎገራ በወረርሽኝ መልክ ብዙ ሰው አሽመድምዷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ የዓለም የነርቭ ሐኪሞች ስለ ጓያ ሽባነት የሚያውቁት ትልቅ ክፍል ከእኛው ገበሬዎች እግር የተቀዳ ነው።

ከኤም ኤስ የሚለየውን ያለ ኤም አር አይ እርስዎ ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ። ጓያ የያዘው ሰው ዓይኑ ደኅና ነው፣ ቆዳው ይሰማዋል፣ ሽንቱንም በአብዛኛው ይቆጣጠራል። ጉልበቶቹ ይጋጠማሉ፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ ስለሚረግጥ የጫማው አፍንጫ ተረከዙ ሳይነካ ያልቃል። በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ከመጣ በኋላ ጓያ መብላቱ ከቆመ በዚያው ይቆማል፤ አይሻሻልም፣ አይብስም። ኤም ኤስ ግን ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ቦታ ይቀያይራል።

ስለዚህ ከብት ሸጣችሁ ለኤም አር አይ አትምጡ። ይልቅስ በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ጀርባው ተዳስሶ፣ የኤች አይ ቪና የቂጥኝ የደም ምርመራ ይደረግለት። የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ፣ ወይም እግሩ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደ የአከርካሪ ነቀርሳ ወይም ሌላ ነገር ይፈለጋል፤ ያኔ ፊልሙ ያስፈልጋል። ለግትረቱ ባክሎፌን የሚባል እንክብል በትንሽ መጠን ተጀምሮ ይረዳል፣ ጠዋትና ማታ ባትና ጭኑን መሳብም እንዲሁ፤ መጠኑ ከበዛ ግን ግትረቱ ሲላላ እግሩ መቆሚያ ያጣል። ቤተሰቡ ጓያ መተው ካልቻለ እህሉ በብዙ ውኃ ተዘፍዝፎ ውኃው ይደፋ፣ ከጤፍና ከገብስ ጋርም ይቀላቀል። ይህ መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ እርሱ ራሱ ግን ከእንግዲህ አይቅመሰው።

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ልጄ እዚህ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት። ባለፈው ዓመት ኤም ኤስ ተባለች፣ በየስድስት ወሩ ኦክሬሊዙማብ በደም ሥር ይሰጣታል፤ ደኅና ናት፣ ሥራዋንም አላቋረጠች። በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ከየት መጣ? ልትጋባ ነው፣ ልጅ መውለድ ትችላለች? እኔ ደግሞ አገር ቤት ወስጄ ጠበል ላስጠምቃት እፈልጋለሁ፤ ሐኪሟ ምን ይላል ብላ እምቢ አለችኝ። (እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ከዘር ብቻ አይደለም የመጣው፤ እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከሕንድ ክፍለ አህጉር ሄደው የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ኤም ኤስ እምብዛም ባይዛቸውም፣ እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው ግን እንደ አገሬው ሰው እንደሚይዛቸው አሳይቷል። ልጅ የሚያድግበት ስፍራ አንድ ነገር ይጨምራል ማለት ነው። የፀሐይ ብርሃንና ቫይታሚን ዲ፣ ሲጋራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ይጠረጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣና ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ የተከተለ ጥናት፣ በዚህ ቫይረስ ከተያዙ በኋላ ኤም ኤስ የመያዝ ዕድል 32 እጥፍ እንደሚጨምር አረጋግጧል። ቫይረሱ ግን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያለበት ስለሆነ ብቻውን አይበቃም፤ ከልጅዎ ወደ እጮኛዋ የሚተላለፍ በሽታም የለም።

ትወልዳለች። ኤም ኤስ መውለድን አይከለክልም፣ ልጇም በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከ100 ወደ 2 ወይም 3 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው፣ በአውሮፓ 254 ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለው ጥናት ግርሻ በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ከቀድሞው ወደ ሲሶ እንደሚወርድ፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ አራስነቷ ላይ ነው ጥንቃቄው፤ በዚያ ወቅት እንቅልፍ የሚያስተኛት፣ ሕፃኑን የሚያነሣላት እናት ያስፈልጋታል። መቼ መድኃኒቱን እንደምትወስድና መቼ ለማርገዝ እንደምትሞክር ከሠርጉ በፊት ከነርቭ ሐኪሟ ጋር ታስላ፤ የኦክሬሊዙማብ ኃይል ከሰውነት እስኪወጣ ወራት የሚወስድ ነው።

ስለ ጠበሉ ሐኪሟን የምተካ አይደለሁም፣ እኔ ግን ሁለቱ የሚጣሉበት ምክንያት አይታየኝም። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ከላይ ለባሕረ ሰላጤዋ ጠያቂ እንደጻፍሁት ለእነዚህ ሕመምተኞች ቅዝቃዜ ይስማማቸዋል። የሚጣሉት አንድ ሰው «እምነትሽ ሙሉ ከሆነ መድኃኒቱን ተዪ» ሲላት ነው። በዚህ ምክንያት መድኃኒት አቁመው በቃሬዛ የተመለሱ ሰዎችን አይቻለሁ፤ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ተጠምቀው በሰላም የተመለሱትም ጥቂት አይደሉም።

ኦክሬሊዙማብ በሽታ የሚከላከሉትን አንዳንድ ሴሎች ስለሚያጠፋ ኢንፌክሽን ይቀላታል፤ የክትባቶችም ጉልበት ይቀንስባታል። ጉዞው ከአንዱ መርፌ በኋላ ጥቂት ወራት አልፈው፣ የሚቀጥለው ሳይደርስ ይሁን፤ ቀጠሮው እንዳይዛነፍ የመልስ ትኬቱ አስቀድሞ ይቆረጥ። የሚያስፈልጓትን ክትባቶች ከጉዞው ብዙ ሳምንት አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ፤ የቢጫ ወባን የመሰሉ ሕያው ክትባቶች ግን ለእርሷ አይሆኑም። የምትጠጣው ውኃ የፈላ ወይም የታሸገ ይሁን፤ ከጠበሉ የምትጎነጨውንም አስቀድማችሁ አፍሉላት። ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት አዳራሽ ከምታድሩ አቅራቢያ ክፍል ተከራዩ፤ ሳልና ነቀርሳ የሚተላለፈው በዚያ ነው። ትኩሳት ከያዛት ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ የመድኃኒቱን ስም የጻፈችበትን ወረቀት ይዛችሁ የዚያኑ ሌሊት ሆስፒታል ውሰዷት።